ቸርኬ የሚነበበው ከጀርባው ነው

ፖርሽ 928ን መጀመሪያ ያየኋት ሐይቅ ውስጥ ስትሰምጥ ነው። ቶም ክሩዝ ገና ልጅ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው «ሪስኪ ቢዝነስ» ፊልም ላይ፣ ወላጆቹ በሌሉበት የአባቱን መኪና ይዞ ይወጣና የመኪናዋ መጨረሻ ሚሺጋን ሐይቅ ይሆናል። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን የተቀመጥን ልጆች ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ሌሎቹ ስለ ልጁና ስለ ልጅቷ ሲያወሩ እኔ ስለ መኪናዋ እጠይቅ ነበር። መብራቶቿ ኮፈኑ ላይ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ይተኛሉ፣ ሲበሩ ይነሣሉ። ከኋላ ያለ አንድ ማእዘን ተድበልብላ ታልቃለች። እንዲህ ያለ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጎማና ቸርኬ ግን ለእኔ እንግዳ አልነበሩም። አጎቴ ጎሚስታ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እሱ ጋ ውዬ ጎማ ከቸርኬ አላቅቃለሁ፤ ከለመዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እፈልጋለሁ፤ ማታ እጄን በኦሞ እያሸሁ ጥቁሩ አልለቅ ይለኛል። ፊያት ይመጣል፣ ቮልስ ይመጣል፣ ላንድሮቨር ይመጣል። ቸርኬው ሁሉ ብረት ነው፤ የተጣመመ እንደሆነ በመዶሻ ይቃናል። የአጎቴ የቸርኬ ሕግ አጭር ነበር፦ ቀዳዳው ከብሎኑ ከገጠመ ልኩ ነው። በዚያ ሕግ የተሰናበተ ደንበኛ መንገድ ላይ ሲቀር ስላላየሁ፣ ከዚያ ያለፈ የቸርኬ እውቀት ይኖራል ብዬም አስቤ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ፍራንክፈርት ገባሁ። ወረቀቴ እንደተስተካከለ ሥራ ፍለጋ ያዝኩ። በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ታክሲ የሚነዱ ያገሬ ሰው ጠጋ ብለው፣ «ጎማ ታውቃለህ አሉ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ አጎቴ ጎሚስታ ነው።»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተነሥተህ ጠብቀኝ። እኔ ጎማዬን የማስቀይርበት ቤት ሰው ይፈልጋል።»

ቤቱ ከሀናወር ላንድሽትራሰ ገባ ብሎ ነበር። ይህ በከተማዋ ምሥራቅ የሚያልፍ፣ ግራና ቀኙን የመኪና መሸጫዎች የተደረደሩበት ረጅም ጎዳና ነው። የሥራው ኃላፊ ጸጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። ሁሉም «ማይስተር» ይሏቸዋል፤ እኔም ማይስተር አልኳቸው። የመጀመሪያው ቀን ጎማ ሳወልቅ ዝም ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። የአጎቴ ትምህርት እስከዚያ ድረስ አደረሰኝ።

የሐይቋን መኪና በዓይነ ሥጋ ያየኋት በዚያው ዓመት በመከር ላይ፣ ጀርመን ሁሉ የክረምት ጎማ ሊያስገባ በሚሰለፍበት ሰሞን ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 928 ነበረች፤ ወንበሮቿ ዓይን የሚያምታታ ጥቁርና ነጭ ዳማ የለበሱ። ቸርኬዋ ላይ ዙሪያውን ክብ ክብ ቀዳዳ አለ። ጀርመኖቹ የድሮውን በጣት የሚሽከረከር ስልክ ስለሚመስል የስልክ ቁጥር ቸርኬ ይሉታል። 16 ኢንች ነው፤ ጎማው ፒሬሊ ፒ7፣ 225/50። ዛሬ ይህ ልኬት ከተራ የቤት መኪና አይበልጥም። መኪናዋ ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ በቀረበችበት በ1977 ግን እንዲህ ያለ ሰፊና አጭር ጎማ የውድድር መኪና ነገር ነበር።

ማይስተሩ ስለ እሷ ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የፖርሽ ኃላፊ የነበሩት ኤርንስት ፉርማን 911ን ታወርሳለች ብለው ያሠሯት መኪና ናት፤ ከፊት ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሉሚኒየም ሞተር፣ ካምቢዮዋ ደግሞ ክብደቱ እንዲመጣጠን ከኋላ አክስሉ ጋር ተቀምጧል። በ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለች፤ ያንን ሽልማት የወሰደች ሌላ የስፖርት መኪና የለችም። በ1995 ምርቷ ሲቆም ግን ወራሿ ሞታ አሮጌው 911 በሕይወት ነበር። «ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዳህ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር በሹክሹክታ ታወራለህ» ይላሉ። ሥራዋ ይኸው ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ነድተህ፣ ወርደህ፣ ድካም ሳይሰማህ እራት ትበላለህ።

ያን ቀን ክሪክ አስገብቼ አነሣኋት፤ ጎማውን ቀይሬ መልሼ አወረድኳት። ወርዳም ቁጭ አላለችም። ጎማና ፓራፋንጎ መሀል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ቆማለች። የሰበርኩ መስሎኝ ወደ ማይስተሩ ዞርኩ። ሳቁ። 928 አንዴ ከተነሣች እስክትነዳ ድረስ ወደ ቁመቷ አትመለስም፤ የእግሮቿ የጎማ ማያያዣዎች ተጠማዘው ይቆዩና ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲነዷት ነው የሚለቁት። «ይህችን መኪና ቆማ አትለካት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መኪና ቆሞ ሳየው ልቤ አያምነውም።

የትልቁ ቸርኬ ነገር የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ጋር ነው። መኪናቸው የ1987 928 ኤስ4 ናት፤ 5 ሊትር፣ 320 የፈረስ ጉልበት፣ ጥቁር ሰማያዊ። ከፊት 7 ኢንች ስፋት፣ ከኋላ 8 ኢንች፣ ሁሉም 16። በዚያን ጊዜ 17 ኢንች ተለምዶ 18 ኢንች መታየት ጀምሯል። የመንገዱ ዓይን ሁሉ ወደ ትልቅ ቸርኬ ሄዷል፤ ጎማው እየሳሳ ቸርኬው እየሰፋ። ሐኪሙ አራት አዲስ 18 ኢንች ቸርኬ ከአንድ ሻጭ ገዝተው በካርቶን ይዘው መጡ። ካርቶኑን ስንከፍት እኔ ትንፋሼ ቆመ። ቀጫጭን እግር፣ ጠለቅ ያለ ከንፈር፣ የተወለወለ። ቀዳዳውም አምስት፣ ክቡ 130 ሚሊ ሜትር፤ ከፖርሽ ጋር ግጥም። በአጎቴ ሕግ ሥራው አልቋል።

ማይስተሩ ፊቱን አላዩትም። አንዱን አንሥተው ብርድ ልብስ ላይ በአፍጢሙ ደፉት፤ መነጽራቸውን አደረጉና ከጀርባው ማንበብ ጀመሩ። እዚያ፣ ሞዞው ላይ ከሚቀመጠው ፊት ዙሪያ፣ ዲያሜትሩና ስፋቱ ተቀርጿል፤ ከአጠገቡ ደግሞ «ኤቴ» የሚሉት ቁጥር አለ። ጠመኔ አነሡና ወለሉ ላይ ቸርኬውን ከጎን ሣሉልኝ። የቸርኬው ስፋት መሀል ለመሀል ሲከፈል አንድ መስመር ይወጣል። ሞዞው የሚያርፍበት ፊት ከዚያ መስመር በስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደሆነ የሚናገረው ኤቴ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጎማው ወደ መኪናዋ ሆድ ይገባል፤ ትንሽ ከሆነ ወደ ውጭ ይወጣል። የሐኪሙ መኪና የፊት ቸርኬ ኤቴ 65 ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው 35 ይላል፤ ስፋቱም 8 ተኩል።

ደምረው ቀንሰው ውጤቱን ከሥሩ ጻፉ፤ የጎማው ውጫዊ ጠርዝ ከነበረበት 49 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። አምስት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ቀረው ማለት ነው። ሐኪሙ ግን «ቢያምርስ?» አሉ።

ማይስተሩ ወደ መኪናዋ ወስደው የፊት እግሯን አሳዩን። መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት የማይታይ ዘንግ አለ፤ ያ ዘንግ ወደ መሬት ቢዘረጋ የሚያርፍበት ነጥብ ከጎማው መሀል ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለው ጥያቄ የመሪውን ጠባይ ይወስናል። በ928 ላይ መሐንዲሶቹ ነጥቡ ከጎማው መሀል ወደ ውጭ እንዲያርፍ አድርገው ነው የሠሯት። አንደኛው የፊት ጎማ በረዶ ላይ፣ ሌላው ደረቅ አስፋልት ላይ ሆኖ ፍሬን ሲያዝ፣ መኪናዋ መሳብ ከምትፈልገው አቅጣጫ በተቃራኒ መሪው ራሱን በጥቂቱ ያርማል። ያ ትልቅ 65 ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ጎማውን እንዲህ ወደ ውጭ ስታወጣው ያንን ደግ ጠባይ ገልብጠህ ጣልከው፤ ጉድጓድ ስትመታም መሪው እጅህን ይመታሃል። «ቸርኬው ያምራል። ለዚህች መኪና ግን አልተሠራም» ብለው ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱ።

እዚያ ወለል ላይ ቆሜ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሰው ሁሉ ቸርኬን የሚመርጠው በፊቱ ነው፤ መኪናዋ የምታውቀው ግን ጀርባውን ብቻ ነው። የጠመኔው ሥዕል ከመጥፋቱ በፊት በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ገለበጥኩት።

ሐኪሙ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አልነበሩም፤ ማይስተሩም ቢሆኑ ትልቅ ቸርኬ የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። የሚጠሉት ሳይለኩ መግዛትን ነው። አዲሱ 911፣ 993 የሚባለው፣ 18 ኢንች ቸርኬ ያለው ነበር፤ ከፊት 8 ኢንች ስፋት ኤቴ 52፣ ከኋላ 10 ኢንች ኤቴ 65። ማይስተሩ እንደገና ጠመኔ አነሡ። የፊቱን ሲያሰሉ የወጣው ነገር ሁለታችንንም አስገረመን፤ የተጨመረው አንድ ኢንች ስፋት ከውስጥ በኩል አንድም ሚሊ ሜትር አይነካም፤ ሁሉም ወደ ውጭ ነው፣ እሱም 26 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ውስጥ ያለው ሾክና ሞላ በሰላም ይኖራል። መሪው ጥቂት ይለወጣል፤ የማይታገሡት አይሆንም። ከኋላ ያለው ግን የፓራፋንጎውን ከንፈር ሳይነካ አያልፍም።

ሐኪሙ ያገለገሉ አራት ቸርኬዎች ፈልገው አገኙ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምወደው ነው። ከፊት 225/40፣ ከኋላ 265/35 ጎማ አለበስናቸው። የፓራፋንጎው ጠርዝ ከውስጥ በኩል ወደ ታች የታጠፈ ከንፈር አለው፤ ጎማውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ በሞቃት አየር እያሞቅን፣ ሞዞው ላይ በሚታሰር ሮለር ቀስ እያልን ወደ ላይ አጠፍነው። ማይስተሩ ሮለሩን ሲያስኬዱ እኔ ማሞቂያውን ይዤ ከፊታቸው እሄዳለሁ። ሙቀቱን የሚለኩት በመዳፋቸው ነው። «አሁን» ሲሉ እገፋለሁ፣ «ቁም» ሲሉ እቆማለሁ፤ ከዚህ ሌላ ቃል አንነጋገርም።

የ928 ዳዶ እንደ ሌላው መኪና ብረት አይደለም፤ አሉሚኒየም ነው፣ ለስላሳ። በአየር መፍቻ የመታው ሰው ፊቱን ያበላሸዋል። በእጅ ይጀመራል፤ ከዚያ መኪናዋ መሬት ነክታ፣ ጉልበቱን በሚለካው መፍቻ፣ እየተሻገሩ፣ 130 ኒውተን ሜትር ላይ ቀጭ እስኪል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳች በኋላ ደግሞ እንደገና። ባላንሱ ላይ ማይስተሩ እርሳሱን ከከንፈሩ ላይ አያስመቱም፤ ከውስጥ ከእግሮቹ ጀርባ የሚለጠፈውን ብቻ። ይህን የሚያደርጉት ለውበት ይመስለኝ ነበር። ኋላ እንዳየሁትም በእርግጥ ለውበት ነው።

ጀርመን አገር እንዲህ ያለ ቸርኬ መቀየር የሚያበቃው ዳዶ ሲጠብቅ አይደለም፤ መርማሪ ፊት ቀርቦ በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ መጻፍ አለበት። ከማይስተሩ ጋር «ቲዩፍ» ወደሚባለው የመኪና ምርመራ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አስተያየ፤ ከዚያ የፊት ግራውንና የኋላ ቀኙን ጎማ መወጣጫ ላይ አስወጣ፤ መኪናዋ ሰያፍ ተጠማዛ ቆመች። እኔን ከኋላ ወንበር አስቀመጠኝና መሪውን እስከ መጨረሻ አዞረ፤ መጀመሪያ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ። ጆሮውን ወደ ፓራፋንጎው አስጠጋ፣ ጣቱን በጎማውና በታጠፈው ከንፈር መካከል አሳለፈ። አለፈችለት። በ928 ኋላ ወንበር የተቀመጠ ያውቀዋል፤ ጉልበቴ አገጬ ሥር ነበር፣ መሳቅም አልቻልኩም። የኋላው ጎማ ከቀድሞው 16 ሚሊ ሜትር ያህል በዲያሜትር ስለሚበልጥ የፍጥነት ቆጣሪው ከእውነቱ በታች እንዳያሳይም ተረጋገጠ። ከዚያ ማኅተሙ ወረደ። ሐኪሙ ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ በሁለት እጃቸው ያዙት።

ማይስተሩ የሙከራ ጉዞ የሚያደርጉት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከፍራንክፈርት ወደ ዳርምሽታት በሚወስደው አውራ ጎዳና። በ1938 ጥር ሩዶልፍ ካራቺዮላ በሰዓት ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳበት፣ በዚያው ዕለት በርንት ሮዘማየር ሬኮርዱን ለመመለስ ሲሞክር የሞተበት መንገድ ነው። የሮዘማየር መታሰቢያ ዛሬም በዛፎቹ መካከል አለ፤ ማይስተሩ በዚያ ሲያልፉ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ያነሣሉ።

ሐኪሙ ከኋላችን በሌላ መኪና ይከተላሉ፤ እኔ ከጎን። የቆጣሪዎቹ ሰሌዳ ከመሪው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ነውና ማይስተሩ ለቁመታቸው አስተካከሉት። በመቶ ሃያ ምንም ንዝረት የለም። ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ከበፊቱ ፈጥኖ ይዞራል። የከባድ መኪና ጎማ አስፋልቱን ባጎደጎደበት በቀኙ ረድፍ ላይ ግን መሪው ወደ ጉድጓዱ መስመር ይስባል፣ ማይስተሩም በሁለት እጃቸው ይይዙታል። ድልድይ መጋጠሚያ ላይ፣ ድሮ «ዱብ» የሚለው «ጥክ» ይላል። አጭር ጎማ፣ ከበድ ያለ ቸርኬ፤ ሞላው የማይሸከመው ክብደት ሲጨምር ይህ አይቀርም።

ስንመለስ ሐኪሙ «እንዴት ናት?» ብለው ጠየቁ።

«ቆማ ስትታይ ታምራለች። ደረቅ መንገድ ላይ ትፈጥናለች። ወደ ደቡብ ረጅም መንገድ ስትሄድ ግን አሮጌውን 16 ኢንች መልሰህ ግጠምላት» አሉ ማይስተሩ።

ሐኪሙም እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለበጋ ዕረፍት ከመሄዳቸው በፊት ይመጣሉ፤ ባለ 18ቱን አውልቄ 16ቱን እገጥማለሁ፤ ሲመለሱ ደግሞ እገለብጣለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ሞኝነት ያዩት ነበር። እኔ ግን መኪናዋን ሙሉ ለሙሉ የተረዷት ባለቤት እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል። ሁለት ጠባይ አላት፤ ሁለቱንም በየተራቸው አስተናገዷቸው።

ዛሬ የ928 ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ስልክ ቁጥሩ ቸርኬ ተመልሰዋል፤ ከፋብሪካው ስትወጣ የነበረችውን የሚፈልግ ገዢ በዝቷል። ትልቁ ቸርኬ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔ ግን በትልቅ ቸርኬ ላይ አልፈርድም። መኪናን የራስ ለማድረግ መፈለግ ከመኪና ፍቅር የማይለይ ነገር ነው፤ አጎቴም ቢሆን የቮልሱን ቸርኬ ለጥምቀት ብር ቀለም ይቀባው ነበር።

አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር የእኅቶቼና የወንድሞቼ ልጆች ይከቡኛል። ቪትዝ ያለው፣ ኮሮላ ያለው፣ ሁሉም ስፖርት ቸርኬ ይፈልጋል፤ 15 የነበረውን 17፣ 17 የነበረውን 18። «ጋሼ፣ ይህ ያምራል?» ብለው የስልክ ፎቶ ያሳዩኛል፤ ሁሌም ፊቱን። ሁሌም «ጀርባውን አሳየኝ» እላለሁ። እኛ መንገድ ላይ ጎማው አጭር ሲሆን ጉድጓዱን የሚቀበለው ቸርኬው ነው፤ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ደግሞ እንደ አጎቴ ብረት በመዶሻ አይቃናም። ከዚያ ኤቴውን፣ የመሀል ቀዳዳውን፣ የሚሸከመውን ክብደት እጠይቃለሁ። መኪናው ላይ ያለውን ከገዙት ጋር አስተያይተው የሚቀንሱበትን ሒሳብ አሳያቸዋለሁ፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ስለዚህ ቸርኬ ልትገዛ የምትሄድ ወንድሜ፣ ስትሄድ ሜትር ያዝ። ሱቁ ውስጥ ገልብጠህ አንብበው። ሻጩ «ምን ታገላብጣለህ?» ብሎ ከተቆጣህ፣ ሰላም ብለህ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፍ።